የድርጅት ስልክ ውል ማቋረጥ፦ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ የትንንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ እይዛለሁ። ታይዋን ገበያ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ሳቢያን ያለ ጋራዥ፣ ከዚራ ያለ የጉዞ ወኪል፣ ቀፊራ አካባቢ ያለ የቅመም ጅምላ ንግድ። ሥራቸው ለየቅል ነው። የግብሩን ጉዳይ ከጨረስን በኋላ የሚያነሱት ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የድርጅቱ ስልክ። መስመሩን ማንም አይነካውም፣ ቢሉ ግን በየወሩ ይመጣል። አንዱ ቢሮ ቀይሯል፣ ሌላው ሠራተኛ ቀንሷል፣ ሌላው የተሻለ ዋጋ አግኝቷል።

ከዚህ በታች ያለው መልስ ድህረ ክፍያ ሞባይልን፣ መደበኛ ስልክንና ከሱ ጋር የሚመጣውን ኢንተርኔት ይመለከታል። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚቀየር የማንንም ዋጋ አልጻፍኩም። በየትኛውም ኩባንያ ቢሆን የሚጠቅመውን አካሄድ ነው የጻፍኩት።

ሲሙን አውጥቼ ባስቀምጥ፣ ክፍያም ባቆም ውሉ በራሱ አይቋረጥም?

አይቋረጥም። ከሁሉም በፊት ይህ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው።

ቅድመ ክፍያ ሲም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ካርድ ካልሞላችሁ የሚቆጥርባችሁ ወርሃዊ ሂሳብ የለም። ድህረ ክፍያ ግን ሌላ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ደወላችሁም አልደወላችሁም ይቆጥራል። ሳትከፍሉ ስትቀሩ መስመሩ ሊዘጋባችሁ ይችላል። መስመሩ ተዘጋ ማለት ግን ውሉ ተቋረጠ ማለት አይደለም። ዕዳው በድርጅቱ ስም ተመዝግቦ ይቀመጣል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል። ከዚህ ውስጥ ዝም ብሎ መውጣት የለም። በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ሂሳብ መዝጋት፣ ማረጋገጫ መቀበል ነው።

አንድ የማውቀው ባለ ጋራዥ ከከዚራ ወደ ሳቢያን ሲዛወር የቀድሞውን ስልክ ነቅሎ ካርቶን ውስጥ ከተተው። ተገላገልኩ ብሎ ነበር። አዲሱ ቦታ ላይ ኢንተርኔት ለማስገባት ሲያመለክት የቆየው ሂሳብ ከኮምፒውተሩ ወጣ። ደውሎ የማያውቅባቸው ወራት ሁሉ ተቆጥረዋል። ያንን ሳይዘጋ አዲሱ ማመልከቻ አልተስተናገደለትም። ስልኩን በነቀለበት ቀን አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢያስገባ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ማቋረጥ ብቻ ነው መፍትሔው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው «የሰለቻችሁ ቁጥሩ ነው ወይስ ክፍያው?» ብዬ ነው። ክፍያው ከሆነ ቁጥሩን ሳታጡ የምትቀንሱበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ወደ አነስተኛ ፓኬጅ መውረድ፣ ድህረ ክፍያውን ወደ ቅድመ ክፍያ ማስቀየር፣ ለጊዜው ማሳገድ፣ ቦታ ከሆነ የቀየራችሁት መደበኛ ስልኩን ወደ አዲሱ ቦታ ማዛወር። ሱቁን ከነዕቃው ለሌላ ሰው ሸጣችሁ ከሆነ ደግሞ መስመሩን በገዢው ስም ማዛወር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውሉና የትኛው ለእናንተ ውል እንደሚፈቀድ ጠይቁ።

አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ቁጥር ያላችሁ ሰዎች በተለይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ደንበኛ የሚያውቃችሁ በሱ ነው።

ከመዝጋቴ በፊት ቁጥሩ ላይ ምን ምን እንደተንጠለጠለ እንዴት ልወቅ?

የተዘጋ ቁጥር ተዘግቶ አይቀርም። ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ ለእናንተ የሚላከው የባንክ መልዕክት የማታውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ መዝጋት።

ከባንክ ጀምሩ። የድርጅቱ ሂሳብ ያለባቸው ባንኮች ሁሉ ጋ የተመዘገበውን ቁጥር አስቀይሩ። የሞባይል ባንኪንግ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሱ ነው። ቁጥሩ ከሞተ በኋላ ለማስቀየር ብትሞክሩ ደብዳቤ፣ ማህተም፣ ቀርቦ ማመልከት ይከተላል።

ቀጥሎ ቴሌብርና ኤም-ፔሳ። ውስጡ ያለውን ገንዘብ አውጡ። በቴሌብር መላ ወይም እንደኪሴ የወሰዳችሁት ብድር ካለ ክፈሉ፤ ሳንዱቅ ላይ ያስቀመጣችሁት ካለ መልሱት። ደንበኞች የሚከፍሉበት የነጋዴ ኮድ ከዚያው ቁጥር ጋር የተያያዘ ከሆነ ኮዱን ወደ አዲሱ ቁጥር አዛውሩ። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን የቆየ ኮድ በዚያው ቀን አንሱት። ሰው ልማድ ሆኖበት እዚያው ላይ ይከፍላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽናችሁ፣ ካሽ ሬጅስተር የምንለው፣ መረጃ ወደ ገቢዎች የሚልክበት ሲም አለው። የድርጅቱን ሲሞች በጅምላ «ሁሉንም ዝጉልኝ» ብላችሁ ስትፈርሙ ያ ሲም በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ማሽናችሁ መላክ ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ከስልክ ቢል ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ የቁጥሮቹን ዝርዝር ሳታዩ አትፈርሙ። የቱ ሲም ማሽኑ ውስጥ እንዳለ የማሽኑን የጥገና ድርጅት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ቁጥር የመቀየሪያ ቦታ አለ። ሁለቱም ሲሞች በእጃችሁ እያሉ ቀይሩ፤ ቻቱና ቡድኑ አብሮ ይሄዳል። የግብር ቢሮ ፋይል ላይ ያለውንም ቁጥር አስተካክሉ። አድራሻችሁም አብሮ ከተቀየረ የታክስ አስተዳደር አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ እንድታሳውቁ ያስገድዳል።

ከዚያ በኋላ የሚታየው ነገር ይቀራል። የብረት በሩ ላይ በቀለም የተጻፈው፣ ባጃጁ ጀርባ የተለጠፈው፣ ካላንደሩ፣ የማህተሙ ዙሪያ፣ ሪሲት ጥራዙ። የቁጥር ለውጡን ስታስነግሩ በአማርኛ ብቻ አትጻፉ። የድሬ ገበያ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ነው የሚገበያየው። የቅመም ጅምላ ያላት ደንበኛዬ በሦስቱም ቋንቋ አጭር የድምፅ መልዕክት ቀድታ በቴሌግራም ላከችው። ማንበብ የማይወደውም ሰማው፣ ለጎረቤቱም አስተላለፈው።

ምንም እንዳልረሳችሁ ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሲሙን አሮጌ ስልክ ውስጥ ክተቱና ገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ አስቀምጡት። ጎኑ ደብተር ይኑር። ለአንድ ሙሉ ወር ማን እንደደወለና ከየት መልዕክት እንደመጣ ጻፉ። ወር ያልኩት የባንኩም የግብሩም መልዕክት በየወሩ ስለሚዞር ነው። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩ የቀራችሁን ይነግራችኋል።

ውሉ ላይ የትኛውን ቦታ ልይ?

አምስት ነገር ፈልጉ። ውሉ የሚቆየው እስከ መቼ ነው? ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይታደሳል ወይስ ያበቃል? ለማቋረጥ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ አለባችሁ? ቀድሞ የወጣ ምን ይከፍላል? የተሰጣችሁ ዕቃ፣ ሞደምም ሆነ የስልክ ቀፎ፣ የማን ነው?

ከእነዚህ በጣም አደገኛው ሁለተኛው ነው። በራሱ የሚታደስ ውል ከሆነ የመታደሻውን ቀን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉት። ከማሳወቂያው ጊዜ አንድ ሳምንት ቀደም አድርጉት። ቀኑ ካለፈባችሁ እንደገና ለሙሉ ዘመን ልትታሰሩ ትችላላችሁ።

ቀን ስታነቡ ደግሞ አቆጣጠሩን ልብ በሉ። ውሉ በፈረንጆች ከተጻፈና እናንተ በኛ ከቆጠራችሁ ቀኑ ይሳታል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

ውሉ ጠፍቶብኛል።

ኮፒ እንዲሰጣችሁ በድርጅቱ ደብዳቤ ጠይቁ። ኮፒው እስኪመጣ ቢሉን ተመልከቱ። የደንበኛ ቁጥሩና የአገልግሎቱ ዓይነት እዚያ ላይ አለ።

ጊዜው ሳያልቅ ባቋርጥ ምን ያህል ይጠይቁኛል?

መልሱ ያለው ውላችሁ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ውል የቀሩትን ወራት ሙሉ ክፍያ ይጠይቃል። አንዳንዱ ግማሹን። አንዳንዱ የዕቃውን ቀሪ ዋጋ ብቻ። ምንም የማይጠይቅም አለ። ቁጥሩን በቃል አትቀበሉ። «የሂሳቡን አሠራር በወረቀት ስጡኝ» በሉ።

በምሳሌ እንየው። ወርሃዊ ክፍያችሁ ከቫት በፊት 2,000 ብር ነው እንበል፤ ስድስት ወር ይቀራችኋል። ውሉ የቀሪውን ግማሽ የሚል ከሆነ መውጫው 6,000 ብር ይሆናል። አሁን ሌላውን መንገድ አስቡ። 600 ብር ወደሚያስከፍል ፓኬጅ መውረድ ከተፈቀደላችሁ 15 በመቶ ቫት ጨምሮ በወር 690 ብር ነው። ስድስት ወሩ 4,140 ብር። ቁጥሩ ሳይዘጋ ውሉ እስኪያልቅ መጠበቁ ቀድሞ ከመውጣት ይረክሳል ማለት ነው። ሂሳቡ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። ወደ ታች መውረድ ካልተፈቀደ ስድስቱን ወር ለመጠበቅ 13,800 ብር ትከፍላላችሁ። ያኔ መውጫውን ከፍሎ መገላገል ያዋጣል።

የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ በቢሉ ላይ የከፈላችሁትን ቫት በግብዓት ታክስነት ስለምታቀናንሱት ስታነጻጽሩ ቫቱን አውጥታችሁ አነጻጽሩ። መውጫ ክፍያው ላይም ደረሰኝ መቀበል አትርሱ። ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ እኔም በወጪ ልይዝላችሁ አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትፈልጉት የተሻለ ፓኬጅ እዚያው ኩባንያ ውስጥ ካለ መጀመሪያ እዚያው ተደራደሩ። አዲስ ውል ስትፈርሙ የቀድሞው መውጫ ክፍያ ይነሳልኝ ማለት ነውር የለውም። ዝም ላለ ነጋዴ ማንም ቅናሽ ይዞለት አይመጣም።

የማቋርጠው አገልግሎቱ ስለማይሠራ ነው። ያኔም መውጫ እከፍላለሁ?

እዚህ ጋ ሕጉ ከእናንተ ጋር ሊቆም ይችላል። ግን ቅደም ተከተል አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 አንድ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። «ግዴታህን ተወጣ» ብላችሁ ሳታስጠነቅቁ በቀጥታ ውሉን ብትተዉት ጥፋተኛ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር አስመዝግቡ። የቅሬታ ቁጥር ከተሰጣችሁ ጻፉት። የጠፋበትን ሰዓትና የተመለሰበትን ሰዓት ጻፉ። መብራት ጠፍቶ ከነበረም ለዩት። በድሬ የሁለቱ መጥፋት ይቀላቀላል፤ ክርክር ላይ ስትቀርቡ መጀመሪያ የሚነሳባችሁ ይኸው ነው። «ያን ቀን መብራት አልነበረም» ይሏችኋል። ደብተራችሁ መብራቱ እያለ መስመሩ የጠፋባቸውን ቀናት ለይቶ ካሳየ ቃላችሁ ይከብዳል። ሞደሙንም አደራ። ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሞደም ግሎ የሚያቆመው በራሱ ነው፤ ያ የመስመር ችግር አይደለም።

ማስረጃው ሲሞላ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ። የምትታገሡበትን ቀን ጥቀሱ። ቀኑ አልፎ ካልተስተካከለ ማቋረጫውን አስከትሉ። ብዙ ገንዘብ ያለበት ውል ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለውን ከጠበቃ ጋር ሥሩት።

ምን ምን ይዤ ልሂድ?

የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ሰርተፍኬት፣ የባለቤቱ ወይም የሥራ አስኪያጁ መታወቂያ (ፋይዳ ካለ ፋይዳ)፣ የመጨረሻው ቢልና የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ በሁለት ኮፒ። ማህተሙን ራሱንም በቦርሳ ያዙ። ቅጽ ላይ ማህተም ይጎድላል ተብሎ በድሬ ፀሐይ ተመልሶ መሄድ ሥራ አይደለም።

ማን ይፈርም የሚለው ያነታርካል። የግለሰብ ንግድ ከሆነ ባለቤቱ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሆነ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው፤ ባለ ትልቁ ድርሻ ስለሆናችሁ ብቻ አትፈርሙም። በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የመጣው ባለ አንድ አባል ማህበር ላይም ሥራ አስኪያጅነቱ በስማችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ። ሌላ ሰው የምትልኩ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ላይ «ውል ማቋረጥ» የሚል ቃል ይግባ። «ጉዳዬን እንዲከታተልልኝ» ብቻ የሚል ወረቀት ባንኮኒው ላይ ይመለሳል።

በማለዳ ሂዱ። ሙቀቱም ሰልፉም ሳይበረታ።

ደብዳቤው ምን ይበል?

አጭር ይሁን። ምሬታችሁን ሌላ ደብዳቤ ላይ ጻፉት። ይህኛው ሥራ የሚሠራ ወረቀት ነው። እኔ የማዘጋጅላቸው ይህን ይመስላል፦

ቀን ……… ቁጥር ………
ለ ……… ድሬዳዋ
ጉዳዩ፦ የስልክ አገልግሎት ውል ማቋረጥን ይመለከታል

ድርጅታችን በደንበኛ ቁጥር ……… የተመዘገቡትን ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን መስመሮች ሲጠቀም ቆይቷል። በውሉ መሠረት ከ……… ቀን ጀምሮ አገልግሎቱ እንዲቋረጥልን እናሳውቃለን። ከተጠቀሰው ቀን በኋላ ምንም ዓይነት ወርሃዊ ክፍያ እንዳይታሰብብን እንጠይቃለን።

የሚቋረጡት ቁጥሮች፦ ………
የማይቋረጡትና የሚቀጥሉት ቁጥሮች፦ ………

የመጨረሻ ሂሳባችን ተሠርቶ እንዲሰጠን፣ ማስያዣ ካለን እንዲመለስልን፣ ውሉ ስለመቋረጡና ዕዳ ስለሌለብን ማረጋገጫ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም

«የሚቀጥሉት ቁጥሮች» የሚለውን መስመር አትዝለሉት። የካሽ ሬጅስተሩን ሲም የሚያድነው እሱ ነው።

ደብዳቤውን ካስገባሁ በኋላ ምን ልጠብቅ?

መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ። ኮፒያችሁ ላይ የገቢ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማህተሙ ሳይኖር ከቢሮው አትውጡ። «ወንድሜ፣ እባክህ ኮፒዬ ላይም ገቢ አድርግልኝ» በሉ። ባንኮኒ ላይ ቅጽ አስሞልተው የሚጨርሱላችሁ ከሆነ ደግሞ ቅጹን ፎቶ አንሱ።

ሞደም ወይም ቀፎ የምትመልሱ ከሆነ ከጀርባው ያለውን የሴሪ ቁጥር በርክክብ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። ቻርጀሩም ገመዱም ይጻፍ።

ከዚያ የመጨረሻው ቢል ይመጣል። ከተቋረጠበት ቀን በኋላ ያለ ቀን እንዳልተቆጠረ ተመልከቱ። ከፍላችሁ ስትጨርሱ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለባችሁም የሚል ማረጋገጫ፣ ጠይቁ። ይህን ወረቀት እስክትይዙ ውሉ አለ ብላችሁ ኑሩ። በባንክ በኩል በየወሩ በራሱ የሚቀነስ ክፍያ ካለም ክሊራንሱን ይዛችሁ ባንኩ ጋ አስቁሙት።

አንድ የድሬ ጉዳይ አለ። ብዙው ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ነው። በኛ አየር፣ በተለይ መኪና ውስጥ ወይም የመስኮት ደፍ ላይ ከተቀመጠ፣ ጽሑፉ ይጠፋል። የደንበኞቼ ፋይል ውስጥ ነጭ ሆኖ የቀረ ደረሰኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀኑ የለ፣ ብሩ የለ። ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ሰዓት ፎቶ አንሱ፤ ኮፒም አድርጋችሁ ከዋናው ጋር አያይዙ።

ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ልቀየር ነው። የቱን ልቅደም?

በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬዳዋ ነበረች። ስለዚህ በ09 እና በ07 መካከል ማማረጥን ከማንም ቀድመን ነው የለመድነው። የምመክረው አንድ ነው፤ አዲሱን አስገቡ፣ ሥራ ላይ ፈትኑት፣ ከዚያ የቀድሞውን ዝጉ። የሱቃችሁን ጓዳ፣ መጋዘኑን፣ ምድር ቤቱን ሁሉ እየዞራችሁ ሞክሩ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባላቸው የከዚራ ቤቶች ውስጥ በር ላይ የሚሠራ ኔትወርክ ጓዳ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ለአንድ ወር ሁለት ቢል መክፈል ያበሳጫል፤ ለአንድ ሳምንት ከደንበኛ መጥፋት ግን የበለጠ ያስከፍላል።

ሠራተኛዬ ሥራ ለቆ የድርጅቱን ሲም ይዞ ሄደ።

ሲሙ በድርጅቱ ስም እስከሆነ ድረስ ቢሉ የሚመጣው ለእናንተ ነው። በዚያው ቀን አሳግዱት። ምትክ ሲም አውጥታችሁ ቁጥሩን ማስመለስም ትችላላችሁ፤ የሽያጭ ሠራተኛ ከነበረ ደንበኞቹ ያሉት እዚያ ላይ ነውና ማስመለሱ ይሻላል። ለወደፊቱ ሲም ስታስረክቡ አስፈርሙ።

ድርጅቱን ጭራሽ ልዘጋ ነው።

ስልኩን ከንግድ ፈቃዱ በፊት ዝጉ። ፈቃዱን ከመለሳችሁ በኋላ «የዚህ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ» ብላችሁ ለመፈረም ማስረጃችሁ ይሳሳል። ወርሃዊ ክፍያው ግን መቁጠሩን አያቆምም። መስመሮቹን ማቋረጥ፣ ክሊራንስ መቀበል፣ ከዚያ የግብር ክሊራንስ፣ መጨረሻ ፈቃዱን መመለስ። አንዲት የግል የሞባይል ቁጥር ግን ግብር ቢሮው ጋ አስመዝግባችሁ ተዉ። ከተዘጋም በኋላ ሊፈልጓችሁ ይችላሉ።

አልሰማም ካሉኝ ለማን አቤት ልበል? የሸማች መብት የለኝም?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ግለሰብ ነው። በድርጅት ስም ለሥራ የተፈረመ ውል ከዚያ ትርጉም ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ለዚህ ነው ውሉን አንብቡ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ። በቤት ስልክና በድርጅት ስልክ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ይህ ማለት ግን ሜዳ ላይ ቀርታችኋል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ እዚያው ኩባንያ ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቡ፤ ገቢ የተደረገበትን ኮፒ ያዙ። ካልተፈታ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። የቴሌኮም ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። መጀመሪያ ኩባንያው ጋ ማመልከታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። ከዚያ በላይ ያለው ፍርድ ቤት ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የሚያዋጣችሁ ቀን ያለው ወረቀት እንጂ «በስልክ ነግሬያቸው ነበር» የሚል ቃል አይደለም።

ሐረር ነኝ፤ ውሉ ግን ድሬ ነው የተፈረመው።

የመደበኛ ስልክ መለያው 025 ሁለታችንንም ይዞናል፤ የውል ፋይል ግን የተከፈተበት ቅርንጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ደንገጎን ወርዳችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉና ሐረር ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የመለሰላችሁን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ጻፉ።

ወረቀቶቹን እስከ መቼ ላስቀምጥ?

የግብር ሕጉ ሰነድ እንዲቀመጥ ለሚያዘው ጊዜ ሁሉ። ውሉ፣ ገቢ የተደረገው ደብዳቤ፣ የዕቃ ርክክቡ፣ የመጨረሻው ቢል፣ ደረሰኙና ክሊራንሱ በአንድ ፋይል ይሁኑ። ፋይሉ ጀርባ ላይ የስልክ ቁጥሩንና የተቋረጠበትን ቀን ጻፉ፤ ፎቶዎቹን ደግሞ ለሂሳብ ሠራተኛችሁ ላኩለት።